ጋዝ ሻጩ ያለበት ድምፅ

ጥቅምት 9

የቋንቋ ክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ የሚቆየው እስከ ሰኔ ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ፤ ጤናውን ይስጥህ፣ የያዝከውን ይባርክልህ። ከሰላምታ በፊት በቁልፍ የጀመርኩት ስለተናደድኩ ነው።

አዲሱ ዳይሬክተር ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ሊጎበኝ መጣ። ክራቫቱን በእጁ ይዞ በየኮምፒውተሩ ላይ እያጎነበሰ ዞረ።

"ይህን ሁሉ ማን ሠራው?" አለኝ።

"እኔ።"

"ከየት ገዛችሁት ማለቴ ነው።"

አልተገዛም አልኩት። ትምህርቱን የጻፍኩት እኔ፣ ድምፁን የቀዳሁት እኔ፣ ማዳመጫዎቹ ሲበላሹ የምበይደውም እኔ ነኝ። ራሱን ነቀነቀና "ወረቀት አለሽ?" አለኝ። የመምህርነት ዲፕሎማዬን ነገርኩት። "እሱማ ማን የሌለው አለ? በቴክኖሎጂ በተደገፈ የቋንቋ ትምህርት የሙያ እውቅና ያለው ሰው ነው የምንፈልገው" አለ። እስከ ሰኔ እውቅናውን ካመጣሁ የክፍሉ ኃላፊ እሆናለሁ። ካላመጣሁ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የሚልከው ልጅ ይመጣል፣ እኔ ጠመኔዬን ይዤ ወደ ታች ክፍል እወርዳለሁ፣ ቀረጻዎቹም ይሰረዛሉ። ቦታ ይዘዋል ብሏል።

ሥራዬን ታውቃለህ። ከሌላ አገር መጥተው ቋንቋችንን የማያውቁ ሰዎች ከሥራ በኋላ ይመጣሉ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የት እንደሚያማቸው መናገር፣ አከራይ ሲጮህባቸው መመለስ ይማራሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትምህርት የምትናገረው ያንተ እናት፣ የእኔ አክስት፣ እቴቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት አንድ ፊደል አትውጥም።

አንተ እዚያ ባለህበት አገር ያለው የሙያ ማኅበር አባል ነህ፤ እውቅናውንም ከወሰድክ ቆይተሃል። አዲስ አመልካች ከአባላቱ አንድ ዋቢ ያስፈልገዋል አሉኝ። ዋቢ ሁነኝ።

እቴቴ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች። ስልክ እንደሆነ አሁንም አታነሳም። በጡረታዋ ቀን "ከእንግዲህ ማንም ቢደውል የለሁም" ብላ የማለችውን አላፈረሰችም። የድምፅ መልእክቷን እንደ ወትሮው እየቀዳሁ እልክልሃለሁ።

ቴፕ


ጥቅምት 27

ለእህቴ ለቴፕ፣ በደጅሽ ክፉ አይለፍ፣ በቤትሽ ሳቅ አይጥፋ። ይህን ስም ያወጣንልሽ የትልቁን አጎታችንን ቴፕ ፈታተሽ ምንጣፍ ላይ ዘርግተሽ ስትገጥሚ፣ ሁለት ቡሎን ተርፎሽ ሳለ እንኳን መጫወቱ ገርሞን ነው። አሁንም ይገርመኛል።

ዋቢሽ እሆናለሁ። የማኅበሩን ነገር ግን አስቀድመሽ እወቂው። የሥራ ማኅደር ይጠይቁሻል። ምን ሠራሽ፣ ለምን እንደዚያ ሠራሽ፣ ምኑ አልሠራልሽም፣ ይህን ሁሉ ከነማስረጃው ይፈልጋሉ። በቀረጻ ላይ ድምፁ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ በዚህ ዓመት፣ በገዛ አፉ፣ ፈቃዱን ቀድቶ መስጠት አለበት። እኔ ሁሉንም አይቼ እውነት ነው ብዬ እፈርማለሁ። ውሸት ከተገኘ ከአመልካቹ ጋር የዋቢውም እውቅና ይሰረዛል። አጥብቀው ነው የሚይዙት።

ከትምህርቶችሽ የምወደው ጋዝ ሻጩን ነው። እናቴ ስትናገር ከመንገድ ሲሊንደሩን በመፍቻ እየመታ ሲያልፍ ይሰማል። እኔ ብሆን አጠፋው ነበር። ለምን እንዳላጠፋሽው ጻፊው፤ ገምጋሚዎች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

የእኔ የመኖሪያ ወረቀት እንዳለ ነው። እስኪሰጡኝ ድረስ ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። እናቴን ከእኔ ይበልጥ የምታያት አንቺ ነሽና አደራ። ደግሞ የአባቴ ኮት ማን ጋ እንደደረሰ ጠይቄያት አልመለሰችልኝም። ባለፉት መልእክቶቿ ስለ ምሳ ብቻ ነው የምታወራኝ።

ምሁሩ


ታኅሣሥ 4

ምሁሩ ወንድሜ፣ ምርቃትህ ደርሶኛል፤ በእጥፍ ይመለስልህ። የዘገየሁት የፈተና ወር ስለሆነ ነው።

ማኅደሩን ልኬልሃለሁ። ሃያ አራቱም ትምህርቶች አሉበት። ተማሪዎቹ ሲጀምሩና ሲጨርሱ የተናገሩትም አለበት። ያልሠራልኝ የመጀመሪያው ዓመት ነው። በሩን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ቀዳሁ። ተማሪዎቼ በማዳመጫ ሁሉንም ይሰማሉ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ምንም አይሰሙም። አንድ አናጢ ተማሪ ነበረኝ። "መምህርት፣ ያንቺ ሴትዮ የምትኖረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እኔ የምኖረው መንገድ ዳር ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በእቴቴ ሳሎን መስኮቱን ከፍቼ መቅዳት ጀመርኩ። ጋዝ ሻጩ ቅዳሜ ቅዳሜ ያልፋል። ብረቱን ሲመታ እቴቴ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ሰው በጫጫታ መሃል እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ተማሪውም መስማት ያለበት እንዲህ ነው። ስለዚህ አላጠፋሁትም፣ አላጠፋውምም።

ሌላም ጽፌያለሁ። አዲስ ትምህርት በፈለግኩ ቁጥር እንደገና መቅዳት አይሆንም፣ እቴቴም ይሰለቻታል። ከድሮው ቀረጻ እየቆረጥኩ፣ እየቀጠልኩ፣ ያላለችውን ዐረፍተ ነገር እሠራለሁ። ስፌቱ እንዳይሰማ ለማድረግ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከሥራዬ ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው።

ፈቃዷን ገና አልቀዳሁም። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። ስለ ኮቱ ስጠይቃት ሳቀች።

ቴፕ


ታኅሣሥ 12

እህቴ ሆይ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ማኅደሩን አንብቤ ጨርሼ ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብኩት። እኔ እውቅናውን ያገኘሁት በዚህ ግማሽ ነው። የቀረሽ ፈቃዱ ብቻ ነው።

ስለ ጉንፋኑ ግን ተይኝ። ያቺ ሴት ሥራዋን በጉንፋን ስትሠራ ነው የኖረችው። በመሐረብ አፍንጫዋን ይዛ "አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?" ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግማሽ ደቂቃ አያቅታትም።

ሳቀች አልሽኝ። ሳቋን ለምን አልቀዳሽልኝም? ሰው ሲያስነጥስ እንኳን መቅረጫ የምትከፍቺ ልጅ ነበርሽ።

የኅዳር መልእክቷ ደረሰኝ። "ልጄ፣ ምሳህን በላህ? እኔ ደህና ነኝ፣ አታስብ።" የነሐሴውም ይኸው ነበር። ተቀይማኛለች? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልመጣህም ብላ ከሆነ ትንገረኝ፤ ስድቧንም ቢሆን ቅጂልኝ። ወረቀቴን በተመለከተ ጥር ላይ ይጠሩኝ ይሆናል ብለዋል። "ይሆናል" የሚለውን ቃል በዚህ አገር ቋንቋ አጥርቼ ተምሬዋለሁ።

ፈቃዱን እስከ ጥር መጨረሻ ላኪ።

ምሁሩ


ጥር 20

ለተወደድከውና ለተከበርከው ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? የረገጥከው ይልምልም፣ የተመኘኸው ይሳካ፣ ወረቀትህ ይውጣ፣ የሚመቀኝህ አንገቱን ይድፋ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ትልቁ አጎታችን ደህና ነው፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደህና ናት፤ ድመቷም ወልዳ ደህና ናት። ዝናብ የለም። ቀለም ተወዷል።

የእቴቴ ፈቃድ ከዚህ ጋር ተያይዟል። "እኔ ደህና ነኝ። ድምፄን ለትምህርት እንድትጠቀምበት ፈቅጃለሁ" ብላለች። ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ቴፕ


የካቲት 2

ፈርሜያለሁ። ማኅበሩም ተቀብሏል።

ከዚህ በታች ያለውን የዋቢሽ ሳይሆን የልጇ ደብዳቤ አድርገሽ አንብቢው።

ፈቃዱን አዳመጥኩት። ስፌት አይሰማም። "እኔ ደህና ነኝ" ስትል ከኋላዋ ጋዝ ሻጩ ብረቱን ይመታል። ሁለቴ ይመታና ያርፋል፤ ሦስተኛውን ለስለስ አድርጎ ይመታል፤ ከዚያ ወንበሯ ሲጢጥ ይላል። የኅዳሩን መልእክት አወጣሁ። ሁለት፣ እረፍት፣ አንድ፣ ሲጢጥ። የነሐሴውን አወጣሁ። እዚያም አለ። ከዚያ ከማኅደርሽ ውስጥ ትምህርት አሥራ ዘጠኝን ከፈትኩ። ከአምስት ዓመት በፊት ነው የቀዳሽው። እዚያም አለ።

ጋዝ ሻጭ በየሳምንቱ ያልፋል፤ ወንበርም ሲጢጥ ይላል። ሁለቱ ግን አራት ጊዜ፣ በአንድ ቃል ላይ፣ በአንድ ልክ አይገናኙም።

ሌላ ሰው ቢሆን አጥፍቶት ነበር። አንቺ ግን "አላጠፋውምም" ብለሽ ጽፈሽልኛል።

የፈረምኩት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው። ባልፈርም ማኅበሩ ለምን ይለኛል። ለምን የሚለውን ደግሞ እኔም ገና አላውቀውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። እናቴ በሕይወት አለች?


የካቲት 3

አለች። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ከማንበብህ በፊት እንድትተነፍስ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ወደቀች። ቀኝ ጎኗንና ምላሷን ያዛት። አሁን በምርኩዝ ከአልጋ እስከ መስኮት ትሄዳለች። የሚነገራትን ሁሉ ትረዳለች። መናገር ግን የለም። የቀራት አንድ ነገር ነው። ሰው ወደ ክፍሏ ሲገባ "አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?" ትላለች። ለእኔም፣ ለሐኪሙም፣ ለድመቷም። ሐኪሙ ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ነገር ሌላው ሲጠፋ ሊተርፍ ይችላል አለኝ።

ትልቁ አጎታችን ሰበሰበን። "ልጁ ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ አይመለስም። ወረቀቱ እስኪወጣ አንድ ሰው እንዳይተነፍስ" አለ። "በየወሩ የምትልክለት መልእክትስ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። "ቴፕ አለች አይደል?" አለ አጎታችን። ስም መዘዝ ነው።

በቀረጻ መሃል ያወራችውን ሁሉ አስቀምጬ ነበር። "ልጄ፣ ምሳህን በላህ?" ያለችው የልብስ ሰፊዋን ልጅ ስትጠይቅ ነው። "ፈቅጃለሁ" ያለችው በሐኪም ቤቱ ትምህርት ውስጥ ለቀዶ ጥገና ነው። "እኔ ደህና ነኝ" ደግሞ ብዙ አለኝ፤ ሰው ሰው የሚለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ከወረቀት እያነበበች መሆኗ ያስታውቃል። እሱን ላንተ መረጥኩ። ስለ ኮቱም አልሳቀችም። ጥያቄህን አንብቤላት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ደብዳቤውን በይቅርታ አልሞላውም። ብነግርህ ኖሮ ትመጣ ነበር ወይ? መልሱን ለእኔ አትጻፈው።

ቴፕ


የካቲት 24

እህቴ፣ ሰላምታ ጀምሬ አጠፋሁት፣ ጀምሬ አጠፋሁት። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ተቀበይው።

ትመጣ ነበር ወይ ላልሽው፣ አትጻፈው ብለሽኛልና አልጻፍኩም።

ጥር ላይ ይሆናል ያሉኝ የወረቀቴ ቀጠሮ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ተዛውሯል።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። አንቺ አንዲት ቃል የማያውቅ ሰው ተቀብለሽ ሐኪም ፊት ቆሞ "እዚህ ጋ ይወጋኛል" እንዲል ታደርጊዋለሽ። እውቅና ይሰጣት ብዬ የፈረምኩትም ለዚህ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በእናቴ ድምፅ እኔን ስታባብዪ፣ አንድ ቀን እንኳን ያንን ድምፅ ለእሷ ለራሷ አሰምተሻት ታውቂያለሽ? ለባዕድ የሠራሽውን ትምህርት ለባለቤቷ ነፈግሻት።

ከትምህርት አንድ ጀምሪላት። ለተማሪው መልስ የምትተዪውን ዝምታ አታሳጥሪባት። የምትለውን ቀድተሽ ላኪልኝ፤ ሳትቆርጪ፣ ሳትቀጥዪ።

ስለ ፊርማዬም እወቂ። ከተነቃብን ሁለታችንም እንሰረዛለን። እዚህ ተማሪ ፊት የምቆመው በዚያ እውቅና ነው። ይህን የምጽፍልሽ ለማስፈራራት አይደለም። ለማስፈራራትም ነው።


ሚያዝያ 6

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ጥፊ ነበር። ጥፊው እስኪበርድ ጠብቄ ነው የምመልሰው። በርዷል፤ ስለዚህ ሰላም ላንተ ይሁን።

ያልከውን አደረግኩ። ማዳመጫውን ሳደርግላት አውልቃ ወረወረችው። በማግስቱ ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። ማጉያው በእሷ ድምፅ "እንደምን ዋሉ?" ይልና ዝም ይላል። እሷ በዝምታው ውስጥ "አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?" ትላለች። ማጉያው "እኔ ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?" ይላል። እሷ "አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?" ልብስ ሰፊዋ እየሰማች መርፌ እስኪወድቅባት ሳቀች። "ሁለቱ እቴቴዎች ተጣልተዋል፤ አስታራቂ ጥሪ" አለችኝ። እቴቴም በአንድ ጎኗ ሳቀች። ሐምሌ ካለፈ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ዝምታውን አስረዘምኩት። ለተማሪዎቼ የምሰጠው ጥቂት ሰከንድ ነው። ለእሷ ግን ጥያቄው ተጠይቆ እኔ ሄጄ ሻይ ጥጄ፣ አፍልቼ፣ ቀድቼ እመለሳለሁ፤ እሷ ገና እየፈለገች ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ላብ ይወጣታል፣ ከዚያ ያው የስልኩ ነገር ይመጣል። በየቀኑ እንዲህ።

ባለፈው ማክሰኞ ትምህርት አራት ላይ ነበርን። ማጉያው "የት ጋ ነው የሚያምዎት?" አለ። እቴቴ ማንኪያዋን አንስታ ማጉያውን መታችውና "ዝጊያት!" አለች። ጥርት አድርጋ። እኔን እያየች።

ዘጋኋት።

ቀረጻው ከዚህ ጋር አለ። አልቆረጥኩትም። መጨረሻ ላይ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ናት እንበል።

እንግዲህ ፈቃድ የሚባለው ነገር አሁን በእጄ አለ። በገዛ አፏ፣ በዚህ ዓመት። እምቢ ነው ያለችው።

ሌላም አለ። ገምጋሚዎቹ ጽፈውልኛል። የመጀመሪያውን ደረጃ አልፌያለሁ። ሰኔ 2 በስክሪን ያነጋግሩኛል፤ በዚያው ከባለድምፅዋ ጋር አንድ ደቂቃ ሰላምታ መለዋወጥ ይፈልጋሉ። ለወጉ ነው ብለዋል። ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት አዲስ ክራቫት ገዝቷል። ምን ላድርግ?

ቴፕ


ግንቦት 8

እህቴ፣ "ዝጊያት"ን አውቶቡስ ውስጥ ሰማሁት። ጮክ ብዬ ስስቅ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች። ከዚያ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ስድቧን እስክመኝ ድረስ ናፍቃኛለች። ይህን ለእሷ አታንብቢላት። ወይም አንብቢላት።

አሁን ሌላውን ስሚ። ቀጠሮዬ ደርሶ ነበር። ጉዳዬን የያዘችው ሠራተኛ ወረቀቶቼን አገላብጣ "አንድ ነገር ቀርቷል" አለችኝ። የቀረው የሙያ እውቅናዬ እስከ ሐምሌ የጸና መሆኑን ከማኅበሩ ማስመስከር ነው። እሱን ካመጣሁ የመኖሪያ ወረቀቱ ይሰጠኛል። ወረቀቱ በተሰጠኝ ማግስት አውሮፕላን ላይ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ደጃፉ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ሰኔ 2 ምንም መፍረስ የለበትም።

ደንቡን አንብቤዋለሁ። ባለድምፁ በሕይወት ከሌለ የወራሹ ፈቃድ ይበቃል። ወራሿ እኔ ነኝ። ቅጹን ሞልቼ ፈርሜ ልኬልሻለሁ፤ የአንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ፈቃዱን ከሰጠች በኋላ አረፈች በያቸው። ማንም ሐዘንተኛ አይመረምርም።

ምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ። የካቲት ላይ በሕይወት አለች ወይ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ግን አንቺም የማትናገረውን ሴት ስታናግሪ ከርመሻል፤ ያለችውን ለአንድ ደቂቃ የለችም ማለት ያቅትሻል?

መልስሽን ቶሎ።


ሰኔ 2

ስክሪኑ ገና ባዶ ነው።

ወንድሜ፣ የምጽፍልህ ከቋንቋ ክፍሉ ነው። ዳይሬክተሩ የራሱን ኮምፒውተር ፊቴ ደቅኖታል፤ "ስብሰባው በቅርቡ ይጀመራል" ይላል። እኔ በጎን ባለው ማሽን ለአንተ እጽፋለሁ። "ማስታወሻ እያዘጋጀሽ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ክራቫቱ ቀይ ነው።

ቶሎ ያልመለስኩልህ ቅጹን ስላየሁት ነው። አትሜው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰነበተ። በየጠዋቱ እቴቴን ፊቷን ሳጥባት "አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?" ትለኛለች። ውሃው እጄ ላይ እያለ ለዚህች ሴት የሞት ወረቀት አልፈርምም። ፈርሜ እንኳን ብሆን፣ አንተ መጥተህ በር ስታንኳኳ አቤት የምትልህ ማን ናት? አልፈረምኩም።

ትናንት ለማኅበሩ ጻፍኩ። ፈቃዱን ቆርጬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ባለድምፅዋ ከሐምሌ ወዲህ መናገር አትችልም፤ እንደምንም ያወጣችው አንድ ቃል ደግሞ ይኸው ብዬ "ዝጊያት"ን አያያዝኩ። ዋቢዬ አላወቀም፣ የሚያውቅበትም መንገድ የለም፣ ስፌቴ አይሰማም አልኩ። ይቺ ውሸት ናት። የመጨረሻዬ ናትና እንዳትነካብኝ። ቢጠሩህ ምንም አታውቅም። ጋዝ ሻጭ የሚባል ፍጡርም ሰምተህ አታውቅም።

አልመለሱልኝም። ያምኑኝ አያምኑኝ፣ ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ያውቃል።

ቢመጡ የምነግራቸው አለኝ። ሃያ አራቱን ትምህርት ከመጀመሪያው እየሠራሁ ነው። እቴቴ የራሷን ድምፅ ዝጊያት ስላለች በእኔ ድምፅ እቀዳዋለሁ። ድምፄ እንደምታውቀው የዛገ ማጠፊያ ነው። ታዳምጠዋለች፤ ስሳሳት በምርኩዟ ወለሉን ትመታለች፣ ደግሜ እላለሁ። ከሚያዝያ ወዲህ "ዝጊያት"፣ "እምቢ"፣ "ሞቋል" እና አንድ እዚህ የማልጽፈው ስድብ አለን። መስኮቱ ክፍት ነው።

ዳይሬክተሩ "መምህርት፣ ስትናገሪ ካሜራውን እዪ፣ ፈገግም በይ" ይለኛል። አሁን ደግሞ ስልኬ እየጮኸ ነው፤ የቤት ቁጥር ነው። ቆይ።

ልነግርህ የምችለውን እንደሆነው እጽፋለሁ። ልብስ ሰፊዋ መስላኝ ሃሎ አልኩ። መልስ የለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከትንፋሹ ኋላ መንገዱ አለ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ብረት ይመታል።

"ጋዝ" አለች እቴቴ።

ስልክ ይዛለች። ያቺ ስልክ የማትነካ ሴት። ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ዝምታውን ተውኩላት። ዳይሬክተሩ በእጁ ዝጊው፣ ዝጊው ይለኛል። ሲሊንደሩ እየተመታ ከመስኮቱ ሲርቅ ይሰማኛል። ጠበቅኩ።

"አልቋል" አለች።

ጋዝ አልቋል። ይህ ዐረፍተ ነገር በሃያ አራቱም ውስጥ የለም፤ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ከየትም አልተቆረጠም። ጋዙ ደግሞ እውነትም አልቋል። ጠዋት ውሃ ሳሞቅላት ነው የጠፋብኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከአልጋዋ ሆና አይታኛለች ማለት ነው።

ስክሪኑ በራ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሴትዮ ሰላም እያለች እጇን ታወዛውዛለች። ዳይሬክተሩ ክራቫቱን ይዞ "መጡ! መምህርት፣ መጡ እኮ!" ይላል። ወዴት ነው ይለኛል፣ ቦርሳዬን ሳነሳ አይቶ። ቁልፉን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጬለታለሁ።

ጋዝ ሻጩ መታጠፊያውን ሳያልፍ መድረስ አለብኝ።